ስታብላይዘር ከመግዛትዎ በፊት፦ መብራት ሲዋዥቅ ሞተርዎን በምን ያድኑታል?

ሰፈራችን ያለው ወፍጮ ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሞተር ተቃጥሎበታል። 15 ኪሎዋት፣ ባለ ስሪ ፌዝ ሞተር ነው፤ ማለትም በሦስት የመብራት መስመሮች (ፌዞች) የሚሠራ። የመጀመሪያውን ጊዜ አስጠቅልለው መለሱት። በሁለተኛው ግን ባለቤቱ ምርር አላቸው። የጎረቤቱ ምክር ደግሞ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ይሄ የመብራት ጣጣ ነው፤ ስታብላይዘር ይግዙና ይገላገሉ!» ስታብላይዘር ማለት የሚዋዥቅ ቮልት አስተካክሎ የሚያወጣ ዕቃ ነው።

እኔ ቮልት የምለካበትን መልቲሜትሬን ይዤ ሄድኩ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሦስቱን ፌዞች እርስ በርስ ለካሁ፦ 382፣ 380፣ 379 ቮልት። ምንም አይወጣለትም። ማታ 1 ሰዓት ላይ ወፍጮው እየሠራ ተመልሼ ለካሁ፦ 376፣ 352፣ 352። ያ ሰዓት ሰፈሩ በሙሉ ምድጃና ምጣድ የሚጥድበት ነው። ሁለቱን ዝቅተኛ ቁጥሮች ልብ ብለው ይዩአቸው። ሁለቱም ንባቦች ውስጥ የገባ አንድ ፌዝ አለ፤ የታመመው እሱ ነው። ከሰፈሩ ቤቶች የሚበዙት እዚያ ፌዝ ላይ ተንጠልጥለዋል ማለት ነው።

ስለዚህ የጋሼ ሞተር ዋና ችግር ቮልት ማነሱ ብቻ አልነበረም። ሦስቱ ፌዞች እኩል አለመሆናቸው ነበር። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሮጦ የሚገዛው ስታብላይዘር ነው። በእኔ እምነት መጨረሻ ላይ ሊታሰብ የሚገባው ዕቃ እሱ ነው። ለምን እንደሆነ አማራጮቹን ጎን ለጎን እያስቀመጥኩ ላስረዳ።

ሞተር ግትር ነው

አምፖል ቮልት ሲያንሰው ይደበዝዛል እንጂ ምንም አይሆንም። ምጣድም ቢበዛ እንጀራው ይዘገያል። ሞተር ግን እንዲህ አይደለም። ቮልት ቀነሰ ተብሎ ወፍጮው ውስጥ ያለው እህል አይቀልም። ሞተሩ ያንኑ ሥራ ለመሥራት የጎደለውን ቮልት በከረንት (በሽቦው ውስጥ በሚፈሰው መብራት መጠን) ያካክሳል። ከረንቱ ሲጨምር ጥቅልሉ (ሞተሩ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ) ይግላል። ግለቱ ደግሞ በካሬ ነው የሚያድገው፤ ከረንቱ 10 በመቶ ሲጨምር ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት 21 በመቶ ይጨምራል።

ጉልበቱም በካሬ ነው የሚወርደው። ቮልቱ 10 በመቶ ቢቀንስ የማዞር ጉልበቱ 81 በመቶ ይሆናል። 20 በመቶ ቢቀንስ የሚቀረው 64 በመቶ ብቻ ነው። የሚብሰው ሲነሳ ነው። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ከ5 እስከ 8 እጥፍ የሚደርስ ከረንት ይስባል። ለመነሳት ጉልበት ካጣ ያንን ሁሉ ከረንት እየሳበ ባለበት ቆሞ ያጉረመርማል። ያቺን «እምምም» የሚል ድምፅ የሰማ ሰው ሮጦ ማጥፋት አለበት። ቶሎ ካልጠፋ የቫርኒሽ ሽታ ይከተላል።

ሞተር ደግሞ የተቃጠለ ዕለት አይደለም የሚሞተው። የቆየ የባለሙያዎች ስሌት አለ፦ ጥቅልሉ ከተሠራለት ሙቀት በላይ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመከለያው ዕድሜ በግማሽ ያጥራል። በየማታው ትንሽ ትንሽ እየተጠበሰ ከርሞ አንድ ቀን ጠዋት፣ መብራቱ ጥሩ በሆነበት ሰዓት፣ ይሞታል። ያኔ «ዛሬ እኮ መብራት ደህና ነበር» ይባላል።

ቮልት ሲበዛም ደህና አይደለም። የሞተሩ ብረት ይጠግብና ምንም ሥራ ሳይሠራ ብዙ ከረንት መሳብ ይጀምራል። ከሁሉ የከፋው ኒውትራል (መላሹ ሽቦ) ሲበጠስ ነው፤ 220 ይገባበት የነበረ ቤት እስከ 380 የሚጠጋ ሊገባበት ይችላል። ዓለም አቀፉ የሞተር ስታንዳርድ አይኢሲ የሚለው እንዲህ ነው፦ ሞተር ከተጻፈበት ቮልት በ5 በመቶ ከፍና ዝቅ ቢል ያለማቋረጥ ሊሠራ ይገባል። እስከ 10 በመቶ ድረስም ይሠራል፤ ግን ይሞቃል፤ እዚያ ላይ አዘውትሮ ማሠራት አይመከርም። በእኛ 220 ስናሰላው የምቾት ክልሉ ከ209 እስከ 231፣ የመቻቻል ክልሉ ከ198 እስከ 242 ነው። እነዚህን አራት ቁጥሮች ቆጣሪው አጠገብ ቢጽፏቸው አይቆጭዎትም።

ሁሉም ሞተር አንድ አይደለም

ቡና መፍጫ፣ ጁስ መፍጫና የእጅ ድሪል ውስጥ ያለው ከሰል (እየተሻሸ መብራት የሚያስተላልፍ ቁራጭ) ያለው ሞተር ነው። ቮልት ሲያንሰው ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሲበዛበት ይሮጣል። ለደቂቃዎች የሚሠራ ዕቃ ስለሆነ ምንም አይግዙለት። የጣሪያና የጠረጴዛ ማራገቢያም እንዲሁ ነው፤ ቀስ ይላል እንጂ አይጎዳም።

አዳዲሶቹ ኢንቨርተር ፍሪጆች የገባውን መብራት መጀመሪያ ወደ ዲሲ (አቅጣጫውን ወደማይቀያይር መብራት) ይቀይሩና ከዚያ ሞተሩን በራሳቸው መንገድ ያዞራሉ። ቀስ ብለው ስለሚነሱ የቮልት ማነስን ከድሮዎቹ በተሻለ ይችላሉ። የሚፈሩት ከፍተኛ ቮልትን ነው፤ ሞተራቸው ባይሞት ቦርዳቸው ይሞታል። ቦርድ ደግሞ እንደ ሞተር አይጠቀለልም።

ተራው ፍሪጅ ሌላ ታሪክ ነው። ኮምፕረሰሩ ሲቆም ጋዙ ውስጥ ግፊት ይቀራል። ግፊቱ እስኪስተካከል ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። መብራት ጠፍቶ በ10 ሰከንድ ተመልሶ ሲመጣ ኮምፕረሰሩ ያንን ግፊት እየገፋ ሊነሳ ይታገላል። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ቮልት ደግሞ ብዙ ጊዜ የተዛባ ነው፤ የሰፈሩ ፍሪጅ ሁሉ እኩል እየተነሳ ነዋ። ስለዚህ ፍሪጅን በብዛት የሚገድለው ቮልት ማነሱ ብቻ አይደለም፤ ሄድ መጣ ማለቱም ነው።

የውኃ ፓምፕ መካከል ላይ ነው። ሲነሳ እንደ ኮምፕረሰር አይከብደውም፤ ውኃው የሚከብደው ፍጥነት ሲጨምር ነው። ግን ብዙ ጊዜ ከቤቱ ርቆ በረጅምና በቀጭን ሽቦ ይታሰራል። እዚህ ላይ ቆም ልበል።

አማራጭ አንድ፦ ሽቦውን ማወፈር

ማንም የማይሸጥልዎት መፍትሔ ይህ ነው። ጉድጓዱ ከቆጣሪው 50 ሜትር የራቀ ግቢ ያስቡ። ፓምፑ ሲነሳ 40 አምፔር ገደማ ይስባል፤ የተዘረጋው ደግሞ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ነው። ሄዶ መመለሱ 100 ሜትር ነው፤ መዳቡ ወደ 1.17 ኦም ይይዛል። ስለዚህ ፓምፑ ሲነሳ ሽቦው ላይ ብቻ ወደ 47 ቮልት ይጠፋል። ቆጣሪው ላይ 205 ከነበረ ፓምፑ ጋ የሚደርሰው 158 ነው። የመነሻ ጉልበቱ ከሚገባው 52 በመቶ ብቻ ይሆናል።

ያንኑ ሽቦ በባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ይቀይሩት። የሚጠፋው ወደ 17.5 ቮልት ይወርዳል፤ ፓምፑ ጋ 187 ይደርሳል፤ ጉልበቱ 72 በመቶ ይሆናል። ሮቶው ይሞላል፣ ሞተሩም አያጉረመርምም። ሽቦ እንደ ስታብላይዘር አይበላሽም፣ ድምፅም የለውም።

ጥፋቱ የእርስዎ ሽቦ ይሁን የመስመሩ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ሞተሩ እየሠራ ቆጣሪው አጠገብ ያስለኩ፤ ወዲያው ሞተሩ መታሰሪያ ላይ ያስለኩ። ልዩነቱ ከ10 ቮልት በላይ ከሆነ መጀመሪያ ገንዘብዎ ወደ ሽቦ ይሂድ። ቆጣሪው ላይ ራሱ ዝቅ ካለ ችግሩ ከውጭ ነው። ልኬቱን በሦስት የተለያየ ሰዓት ያድርጉት፤ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ። ባዶ እጅዎን ግን አያስገቡ፤ ካልለመዱት ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ።

አማራጭ ሁለት፦ ቮልት ጠባቂ

ሶኬት ላይ የምትሰካ፣ ወይም ብሬከር አጠገብ የምትታሰር ትንሽ ዕቃ ናት። ቮልቱን አትጨምርም፣ አትቀንስም። ሲያንስ ወይም ሲበዛ ትቆርጣለች፤ ሲስተካከል የተወሰነ ደቂቃ ጠብቃ ትመልሳለች። ያው በቃ። ይህች መጠበቅ ግን የፍሪጅ ነፍስ ናት።

ተራ ፍሪጅ ካለዎትና መብራቱ ባብዛኛው ደህና ሆኖ የሚያስቸግርዎት ቁርጥ ቁርጥ ማለቱ ከሆነ፣ ምርጫዎ ይህች ትሁን። ስታብላይዘር አያስፈልግዎትም። ሲገዙ ሁለት ነገር ይዩ። አንደኛ፣ የምትጠብቅበት ጊዜ 3 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ በ30 ሰከንድ የምትመልሰው ለቴሌቪዥን ትሆን እንደሆነ እንጂ ለኮምፕረሰር አትሆንም። ሁለተኛ፣ መቁረጫ ቁጥሮቿ የሚስተካከሉ ቢሆኑ ጥሩ ነው። እኔ ለፍሪጅ ታች 190፣ ላይ 245 አካባቢ ነው የማደርገው። 198 ላይ ካደረጓት ማታ ማታ ስትቆርጥ ታድራለች፤ ሥጋውም ይበላሻል።

ድክመቷ ግልጽ ነው። ሰፈርዎ ከምሽት እስከ ሌሊት 175 የሚቆይ ከሆነ ፍሪጁን ታድነዋለች እንጂ አታሠራውም።

አማራጭ ሦስት፦ ስታብላይዘር

እዚህ ላይ ነው ስታብላይዘር ቦታ የሚኖረው፦ ቮልቱ ለሰዓታት ዝቅ ብሎ ሲቆይ። ሁለት ዓይነት አለ። ባለ ሪሌዩ (ሪሌይ በመብራት የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ነው) በደረጃ በደረጃ ይቀያይራል፤ ሲቀይር «ጠቅ» ይላል። ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ግን የሚያወጣው ቮልት ሸካራ ነው። ባለ ሰርቮው ውስጡ ያለች ትንሽ ሞተር ከሰሉን እያንሸራተተች በደንብ ታስተካክላለች። ትክክለኛነቱ ይበልጣል፤ ግን ዘገምተኛ ነው፣ ከሰሉ ያልቃል፣ አቧራም አይወድም። ለቤት ፍሪጅ ባለ ሪሌዩ ይበቃል። ቮልቱ ቀስ እያለ ለሚወርድበት ሰፈርና ለከባድ ሞተር ባለ ሰርቮው ይሻላል።

ሰዎች የሚሳሳቱት መጠኑ ላይ ነው። ፍሪጁ ላይ 150 ዋት የሚል አይተው ባለ 500 ይገዛሉ። ሲነሳ የሚስበውን ማን ያስብለት? ስታብላይዘሩ ራሱ ይንበረከካል። ለሞተር ሲሆን ቢያንስ ከተጻፈው 3 እጥፍ፣ ለኮምፕረሰር ከዚያም በላይ ይውሰዱ። ስታብላይዘሩ ላይ የተጻፈው ኃይልም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ቮልቱ ደህና ሲሆን ነው፤ ግቤቱ ሲያንስ አቅሙም ያንሳል።

ሌላም አለ። ስታብላይዘር ቮልት አይፈጥርም፤ ከመስመሩ ይበደራል። ከ160 ወደ 220 ሲያነሳ ከመስመሩ የሚስበው ከረንት ለሞተሩ ከሚሰጠው ወደ 1.4 እጥፍ ነው። ሽቦዎ ቀጭን ከሆነ ሽቦው ላይ የሚጠፋው ይብሳል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከገዛ ደግሞ መስመሩ የባሰ ይወርዳል፤ እናም ስታብላይዘር ያልገዛው ጎረቤት ይከፍላል። ስለዚህ ቀጭን ሽቦ ላይ ስታብላይዘር መግጠም ቀዳዳ ባልዲ ላይ ውኃ መጨመር ነው።

ስሪ ፌዝ ላላቸው

ወደ ወፍጮው ልመለስ። የ376፣ 352፣ 352 አማካይ 360 ነው። ከአማካዩ በጣም የራቀው በ16 ቮልት ይርቃል፤ ይህ 4.4 በመቶ መዛባት ነው። ትንሽ ትመስላለች። ግን የተለመደው ስሌት የመዛባቱን ካሬ በ2 አባዙ ይላል፤ የሞተሩ የሙቀት ጭማሪ በ40 በመቶ ገደማ ይንራል ማለት ነው። ኔማ የተባለው የአሜሪካ ስታንዳርድ መዛባቱ ከ1 በመቶ ካለፈ የሞተሩን ጭነት ቀንሱ፣ ከ5 በመቶ ካለፈ ደግሞ ጭራሽ አታሠሩት ይላል። ጋሼ በየማታው ጠርዙ ላይ ነበሩ።

አንድ ፌዝ ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። የቆመ ሞተር አይነሳም። እየዞረ ያለ ግን በሁለቱ ፌዝ መዞሩን ይቀጥላል፤ የቀሩት ሽቦዎች ከረንት ወደ 1.7 እጥፍ ይሄዳል። ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም።

ለዚህ ሁለት ርካሽ ዘበኞች አሉ። አንዱ ኦቨርሎድ ነው፤ ሞተሩን ከሚያበራና ከሚያጠፋው ከኮንታክተሩ ሥር የምትታሰረው፣ ቁጥር ያላት ትንሽ ዕቃ። ከረንት ሲበዛ ትቆርጣለች። አብዛኛው ወፍጮ ቤት አላት፤ ግን ስታስቸግር ቁጥሯ ወደ ላይ ይጠመዘዛል! የጋሼ ሞተር ላይ 30 አምፔር ተጽፏል። ኦቨርሎዷ 40 ላይ ነበረች። ማን እንዳዞራት የሚናገር አልተገኘም።

ሁለተኛው የፌዝ ተቆጣጣሪ ሪሌይ ነው። የፌዝ መጥፋትን፣ መዛባትን፣ የቮልት ማነስና መብዛትን አይቶ ኮንታክተሩን ያጠፋል። ሲገዙ «መዛባትንም ይለካል?» ብለው ይጠይቁ። የሚዞር ሞተር በጠፋው ፌዝ ላይ ራሱ ቮልት ያመነጫል። ርካሹና የቮልት መኖር አለመኖርን ብቻ የሚያየው ሪሌይ በዚህ ይታለላል፤ ሦስቱም ያሉ ይመስለዋል። መዛባትን የሚለካው ግን ይነቃበታል።

ስሪ ፌዝ ስታብላይዘርስ? ሦስቱን ፌዝ ለየብቻው የሚያስተካክል ከሆነ ይሠራል። ለ15 ኪሎዋት ሞተር ግን ትልቅና ውድ ዕቃ ነው፤ የዱቄት ብናኝ ባለበት ቤት ደግሞ የሰርቮው ከሰል ብዙ አይቆይም።

የማስነሻ ዕቃዎችና ኢንቨርተር

ስታር ዴልታ ሞተሩን መጀመሪያ «ስታር» በሚባል አስተሳሰር በዝቅተኛ ቮልት አስነስቶ ከዚያ «ዴልታ» ወደሚባለው የሚያዞር ማስነሻ ነው፤ የመነሻውን ከረንት ወደ አንድ ሦስተኛ ያወርዳል። ጉልበቱንም እንዲሁ። ቮልቱ 15 በመቶ ባነሰበት ማታ ስታር ላይ የሚቀረው የመነሻ ጉልበት 24 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ወፍጮው ባዶውን ይነሳ፤ እህሉ ዴልታ ከገባ በኋላ ይፍሰስ። የሞተሩን ሰሌዳም ያንብቡ፦ 380/660 ወይም 400/690 የሚል ከሆነ ስታር ዴልታ ይሆነዋል። 220/380 የሚለውን በእኛ 380 መስመር ላይ ዴልታ ካደረጉት ያቃጥሉታል። ሶፍት ስታርተርም መነሻውን ያለሰልሳል። ሁለቱም ከተነሳ በኋላ ለሚመጣ የቮልት ውድቀት ምንም አያደርጉም፤ ይህን ሻጮች ብዙ ጊዜ አይናገሩም።

ኢንቨርተር፣ ማለትም ቪኤፍዲ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ)፣ ከሁሉም የበለጠ ብልህ ነው። ሞተሩን ቀስ አድርጎ ያስነሳል፣ ከረንቱን ይቆጣጠራል፣ ቮልቱ ከመጠን ሲያንስ ራሱ ይቆማል። ከሲንግል ፌዝ መስመር ስሪ ፌዝ ሞተር የሚያዞሩም አሉ፤ በገበያው የተለመዱት እስከ 2.2 ኪሎዋት አካባቢ ናቸው። ከእነዚህ ከተለመዱት ግን ከ220 የሚወጣው 220 እንጂ 380 አይደለም። እዚህ ላይ ያ 220/380 የሚለው ሞተር ዴልታ ሆኖ ይታሰርና ቦታውን ያገኛል። አንድ ፌዝ ብቻ ለገባለት ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ወይም የጉድጓድ ፓምፕ እኔ ከስታብላይዘር ይልቅ ይህንን እመርጣለሁ። ሙቀትና ብናኝ ግን ይገድለዋል። ወፍጮ ቤት ውስጥ ከሆነ በታሸገ ሳጥን ወይም በሌላ ክፍል ይቀመጥ።

ከውጭ ዘመድ ለሚልክላችሁ

አሜሪካ ያለው መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ነው። ሳዑዲ ቮልቱ ከእኛ ቢጠጋም ኸርዙ 60 ነው። ዱባይ፣ ኩዌትና እስራኤል እንደ እኛ 50 ናቸው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። የአሜሪካ ፍሪጅ በትራንስፎርመር 120 ተሰጥቶት እኛ ጋ ሲሠራ ሞተሩ 17 በመቶ ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ብረቱም 20 በመቶ እንደበዛበት ቮልት ይጠግባል። መልቲሜትሩ 120 ይላል፣ ሞተሩ ግን 144 እንደገባበት ይግላል። ሰሌዳው ላይ 50/60 የሚል ከሌለ ለመላኪያው ኪሎ አይክፈሉ፤ ገንዘቡን ይላኩላቸውና እዚህ ይግዙ።

ጋሼ በመጨረሻ የፌዝ ሪሌይ አስገጠሙ፣ ኦቨርሎዷም ወደ 30 ተመለሰች። ፌዞቹ እንዲመጣጠኑም ማመልከቻ ጽፈዋል፤ መልሱን እየጠበቁ ነው። እስከዚያ ማታ ማታ ሪሌዩ ይቆርጣል። እሳቸውም የቀረውን ጆንያ ወደ ጥግ እያስጠጉ ለደንበኛው «ነገ በጠዋት ና» ይላሉ።